ያረጀ ግስ

ከጅቡቲ መጣ፣ ታሽጎ ተለጥፎ፣
ሚሌን ተሻግሮ፣ ባቲን ሌሊት አልፎ፣
ኮምቦልቻ፣ ደረቅ ወደብ በር ላይ ቆመ፣
ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ አለመ።

ወረቀቱን ሰጡኝ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ማኅተም የበላኝ።
የስንዴ ዱቄት ነው፣ አራት መቶ ከረጢት፤
ከግርጌው አንዲት ግስ፣ የድሮ ሰው ቅሪት።

«አንሌድ» ትላለች። «አንሎድ» ነበር ልማዱ፤
ይሄ ሽማግሌ ቃል ከወዴት ነው መንገዱ?

መዝገበ ቃላቱን ከመሳቢያ አውጥቼ
አቧራውን እፍ አልኩ፣ አየሁት ገልጬ፦
«ያረጀ» ይለዋል። ባለቤቶቹ ትተውት
በጭነት ደረሰኝ ጡረታ አስገብተውት።
ድሮ መርከብ ሲቆም፣ ገመድ ሲወረወር
ሆዱን የሚያስከፍት ይሄ ቃል ነበር።
ሥሩን ብቆፍረው ዘመድ አለው ጭልፋ፣
መጫንና መጭለፍ፣ ባንድ ግስ ሲለፋ።
ሳቅሁ ለብቻዬ። መርከብና ድስት!
ማን ዳራቸው እቴ፣ ያለ ሽማግሌ ያለ ምንም ጥሪት?

ቅጹ ግን አማርኛ ይፈልጋል ከጎኑ።
«ማውረድ» ልበል ይሆን? «ማራገፍ» ነው ውኑ?
ብዕሬን ነክሼ በመስኮቱ ሳይ
ሙሄ ቆሟል ውጭ፣
ባዶ ጆንያ አጥፎ፣ ጥሎ ትከሻው ላይ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይንገሩኝ፣ የቱን ልጻፍ?» ብለው
«ማራገፍ የመኪና፣ ማውረድ የእኛ ነው።
"መኪናው አራገፈ" ይላሉ፣ እኛን ቆመው እያዩ።
እሱ ምን አረገ? ሞተሩን አጠፋ።
ስሙን እሱ ወሰደ፣ የኔ ወገብ ጠፋ።»

ዝም አለ ጥቂት።
ጆንያውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ።

«አባቴ የሲራራ በቅሎ ነጂ ነበር፣
ከአፋር ጨው ጭኖ ደሴ የሚያሻግር።
ሐረጎን ሲጀምሩ፣ ሲመሽ፣ ሲደክማቸው
"አራግፉ!" ይል ነበር ነጋድራሳቸው።
አንዲት ቡላ በቅሎ፣ ገጣባ የበላት፣
ጠዋት ሲጭኗት ትንፋሽም አይወጣት።
ማታ ጠፍሩ ላልቶ፣ ድሪቶው ሲላቀቅ፣
ከቁስሏ ተጣብቆ ሥጋዋን ሲያስለቅቅ፣
ያን ጊዜ ነው ጩኸት፣ ገደሉ እስኪሰማ፤
ሲጭኑባትማ ዝም ነበር የሷማ።
ልጅ ሆኜ ሲነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።
ጻፊ ያሻሽን፤
ሁለቱም ያማል።»

ማኅተሙ ተቆረጠ። የብረቱ በር ጮኸ።
ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፣ እነ ይመር፣ እነ አራጋው፣
ላብና ዱቄቱ ሊጥ ሆኗል ግንባራቸው።
እኔ ጭረት እስላለሁ፤ አምስት ሲሞላ አጋድማለሁ።
ጀምበር ከቦርከና ማዶ፣ ቀስ እያለች
(ወረደች ልበል ወይስ እሷም ተራገፈች?)

ሲያልቅ ቆጠርነው። አንድ ከረጢት ጎደለ።
ሾፌሩ ማለ። ዘበኛው ማለ።
ደግመን ቆጠርን፣ በባትሪ፣ በየረድፉ።
ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

እንደዚያው ጻፍኩት። ከአጠገቡም፣ በቀለም፣
«ተራገፈ» አልኩኝ፤ ቅጹ ሌላ አይወድም።
«አንሌድ»ን በእርሳስ ክብ አድርጌ ተውኳት፣
ነገ ሌላ ጸሐፊ መጥቶ እንዲያገኛት።

ባዶው መኪና ወጣ፣ ሲንገጫገጭ፣ ሲያጓራ፤
ሞልቶ ሲገባ እኮ ድምፁም አልተሰማ።

ሙሄ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ሁለቴ ቆጥሮ፣
ወደ በሩ ሄደ፣
አንገቱ ወደ ፊት፣ እጁ ወደ ኋላ፣
ጣቶቹ አንድ ነገር ጫፉን እንደ ያዙ፣
እንደ ጎበጠ።

ልጠራው አሰብኩ። «ጋሽ ሙሄ፣ ያውርዱት እንጂ፣
አራት መቶኛው...»
ምን ብዬ ልጻፈው?
በየትኛው ግስ?